«እሳቸው» ወይስ «እነሱ»? የእንግሊዝኛው «ዘይ» በዜና አጻጻፍ

አንድ ጋዜጠኛ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ ከምትገኘው ኮንጋ ቀበሌ ተመልሶ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ እንበል፡- «የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር አርሶ አደሮቹን ሰብስበው ገንዘቡ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚከፈላቸው ተናገሩ፡፡»

ገንዘቡ የሚከፈለው ለማን ነው? ለአርሶ አደሮቹ ወይስ ለሊቀመንበሩ? ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስህተት የለበትም፡፡ አራሚ ቢያየውም ሳይነካው ሊያሳልፈው ይችላል፡፡ ነገር ግን ሁለት ፍች አለው፡፡ አንደኛው ፍች የምሥራች ሲሆን ሌላው ወደ ክስ ሊያመራ የሚችል ወሬ ነው፡፡

ምሳሌው ለዚህ ጽሑፍ ተብሎ የተሠራ ነው፡፡ ችግሩ ግን በየሳምንቱ በጋዜጦቻችን ገጾች ላይ ይገኛል፡፡ ምክንያቱም በአማርኛ የአክብሮቱ «እሳቸው» እና የብዙ ቁጥሩ «እነሱ» በግሱ ላይ የሚያርፉት በአንድ ዓይነት መልክ ነው፡፡ ከእንግሊዝኛ የሚተረጎም ዜና ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይደራረባል፡፡ «ዘይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ራሱ ከብዙ ቁጥርነት ወጥቶ ለአንድ ሰውም ማገልገል ከጀመረ ቆይቷልና፡፡ ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ቋንቋዎች አሠራር ጎን ለጎን በማየት ዜና ጸሐፊም ሆነ አንባቢ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማሳየት ይሞክራል፡፡

የ«ዘይ» ታሪክ ባጭሩ

«ዘይ» ለእንግሊዝኛ በትውልዱ ባዕድ ነው፡፡ በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝ ከዘለቁት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ የቀድሞውን የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም ተክቷል፡፡ ጾታው ወይም ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰው መጠቀሻ የሆነውም ዛሬ አይደለም፡፡ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፡፡

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱ የሰዋስው መምህራን ግን ይህን አልወደዱትም፡፡ አንድ ሰው አንድ ነው፣ ስለዚህ ጾታው ካልታወቀ በወንድ ይጠራ አሉ፡፡ የእንግሊዝ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ሕግ፣ በሕግ ጽሑፎች ውስጥ በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም እንደሚያካትት ደነገገ፡፡ የዚህ ዓይነቱ ድንጋጌ ለእኛም እንግዳ አይደለም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 ተመሳሳይ ነገር ይላል፡፡

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች በወንድ ጾታ መጠቅለሉን እየተዉት መጡ፡፡ ለጥቂት ጊዜ «እሱ ወይም እሷ» እያሉ ጻፉ፡፡ አሰልቺ ሆነ፡፡ ዋሽንግተን ፖስት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ለአንድ ሰው የሚያገለግለውን «ዘይ» በገጾቹ ላይ ፈቀደ፡፡ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል ደግሞ በመጋቢት 2017 በአጻጻፍ መመሪያው ውስጥ አስገባው፡፡ ሜሪያም ዌብስተር የተሰኘው መዝገበ ቃላትም በ2019 «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል፡፡

አሶሺየትድ ፕሬስ ፈቃዱን የሰጠው ግን በጥንቃቄ ነው፡፡ በቅድሚያ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ መንገድ መጻፍ ይመረጣል፤ ካልተቻለ ግን አንባቢው የሚነገረው ስለ አንድ ሰው መሆኑን በግልጽ እንዲያውቅ መደረግ አለበት የሚል ነበር ምክሩ፡፡ ይህ ምክር ለአማርኛ ዜና ጸሐፊም ይሠራል፡፡

እኛ ቀድመን የደረስንበት ነገር

እንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርን ለአንድ ሰው ሲጠቀም ይህ የመጀመሪያው አይደለም፡፡ ዛሬ ለሁሉም የሚያገለግለው «ዩ» በጥንት ጊዜ ብዙ ሰዎችን ብቻ ይመለከት ነበር፡፡ ለአንድ ሰው «ዛው» ይባል ነበር፡፡ በኋላ ትልልቅ ሰዎችን በአክብሮት «ዩ» ማለት ተለመደ፤ እያደር «ዛው» ከአገልግሎት ወጣ፡፡ የፈረንሳይኛው «ቩ» ዛሬም አክብሮትንና ብዛትን በአንድነት ይዟል፡፡

አማርኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል፡፡ «እሳቸው ሄዱ» እና «እነሱ ሄዱ» ስንል ግሱ አንድ ነው፡፡ «አየኋቸው»፣ «ነገሯቸው»፣ «ልጃቸው»፣ «ቤታቸው» የሚሉት ቃላትም አንድን የተከበረ ሰው ወይም ብዙ ሰዎችን ሊመለከቱ ይችላሉ፡፡ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ተውላጠ ስሙ ራሱ ሲጻፍ ነው፡- «እሳቸው» እና «እነሱ»፣ «እኚህ» እና «እነዚህ»፣ «እኚያ» እና «እነዚያ»፡፡ አማርኛ ግን ግሱ ባለቤቱን ስለሚሸከምለት ተውላጠ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ይጥለዋል፡፡ መለያው በሚያስፈልግበት ቦታ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የኮንጋውን ምሳሌ ያለ አክብሮት ብንጽፈው ችግሩ አይኖርም ነበር፡፡ «እንደሚከፈለው ተናገረ» ከተባለ ለሊቀመንበሩ፣ «እንደሚከፈላቸው ተናገረ» ከተባለ ለአርሶ አደሮቹ ነው፡፡ ብዥታውን ያመጣው አክብሮቱ ነው፡፡ ሊቀመንበሩን «አንተ» ማለት ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም፡፡ መፍትሔው ስሙን መድገም ነው፡- «ገንዘቡ ለአርሶ አደሮቹ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚከፈል ተናገሩ፡፡» አንድ ቃል ብንደግም ጋዜጣው አይጠብም፡፡

ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም

ከውጭ የዜና ወኪሎች የሚተረጎሙ ዘገባዎች ላይ የሚታዩ አራት ዓይነተኛ እንቅፋቶች አሉ፡፡

የመጀመሪያው «እያንዳንዱ» በሚል ቃል የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር ነው፡፡ እንግሊዝኛው «እያንዳንዱ ገበሬ» ብሎ ሲጀምር ቀጥሎ «ዘይ» ይላል፡፡ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «እያንዳንዱ አርሶ አደር ቡናቸውን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ አመጡ» ብሎ ይጽፋል፡፡ በአማርኛ «እያንዳንዱ አርሶ አደር ቡናውን አመጣ» ይባላል፡፡ በዚህ ቋንቋ «እያንዳንዱ» በነጠላ ይታሰራልና፡፡ ሴቶቹም እንዲታዩ ከተፈለገ «አርሶ አደሮቹ እሸት ቡናቸውን በየግላቸው አመጡ» ማለት ይቻላል፡፡

ሁለተኛው ድርጅት ነው፡፡ በእንግሊዞች አጻጻፍ ቡድንና ኩባንያ በብዙ ቁጥር ሊጠራ ይችላል፡፡ በአማርኛ ግን ባንኩ «አስታወቀ»፣ ማኅበሩ «ሸጠ»፣ ቡድኑ «አሸነፈ» ይባላል፡፡ አገር ደግሞ ሴት ናት፡፡ «ኬንያ አስታወቀች»፣ «ብራዚል ላከች» እንላለን፡፡ እንግሊዝኛም በአንድ ወቅት አገርንና መርከብን «ሺ» ይል ነበር፡፡ ሎይድስ ሊስት የተባለው ስመ ጥር የመርከብ ጉዳዮች ጋዜጣ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 መርከቦችን በሴት መጥራቱን ትቷል፡፡ አማርኛ ግን ይህን የሚተውበት ምክንያት የለውም፤ የቋንቋው ባሕርይ ነውና፡፡ «ድርጅቱ ይህን አስታወቁ» ሲባል ግን አንባቢ ማን እንደተናገረ ግራ ይገባዋል፡፡ ድርጅት በነጠላ፣ ኃላፊው በአክብሮት መጻፍ አለበት፡፡

ሦስተኛው ባለቤት የሌለው «ዘይ» ነው፡፡ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ዘይ» ዋጋ ሊጨምር ነው ይላሉ ሲል ማን እንዳለ አይታወቅም፡፡ በአማርኛ የዚህ አቻ «አሉ» ነው፡፡ «የቡና ዋጋ ሊጨምር ነው አሉ» ሲባል ከገበያ የተሰማ ወሬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፡፡ የሚያስገርመው «አሉ» የሚለው ይኸው ቃል «ሚኒስትሩ አሉ» በሚለው ውስጥም መኖሩ ነው፡፡ በረዥም ዘገባ ውስጥ ባለቤቱ ከሦስትና ከአራት አንቀጾች በፊት ተጠቅሶ ከቀረ፣ በስተመጨረሻ የሚመጣው ብቸኛ «አሉ» ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ አሉባልታ ይመስላል፡፡ «ተብሏል» ብሎ መሸሽም አይረዳም፡፡ «ተብሏል» ተናጋሪውን ከነጭራሹ ይሰውረዋል፡፡

አራተኛው ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው የማይገልጹ ሰዎችን የሚመለከተው የ«ዘይ» አጠቃቀም ነው፡፡ እንግሊዛዊው ድምፃዊ ሳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ተውላጠ ስም እንዲጠራ መጠየቁ ይታወሳል፡፡ ባለፈው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «መጠየቁ» የሚለው ቃል ራሱ የአማርኛን ችግር ያሳያል፡፡ ግሱ ወንድ፣ ሴት ወይም ብዙ ከማለት ውጭ ሌላ በር የለውም፡፡ «እነሱ» ቢባል አንባቢ ቡድን ይመስለዋል፡፡ «እሳቸው» ቢባል ጾታ ይሸፈናል፤ አንባቢ ግን የሚያነበው አክብሮት ነው፡፡ የዜና ተርጓሚ ማድረግ የሚችለው የሰውየውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድቶ ስሙንና ሙያውን እየደጋገሙ መሄድ ነው፡፡

ጾታ የሚደብቅ አክብሮት

የአማርኛው አክብሮት ጾታን መሸፈኑ ጥቅምም ጉዳትም አለው፡፡

ጥቅሙ ምንጭን ለመጠበቅ ነው፡፡ «ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንድ ነዋሪ እንደተናገሩት» ስንል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፡፡ የእንግሊዝኛ ጋዜጠኞች «ዘይ»ን ከሚጠቀሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፡፡ ነገር ግን በሚቀጥለው አንቀጽ ላይ ሳይታሰብ «ነዋሪዋ አክለውም» ተብሎ ይጻፋል፡፡ አንዲት «ዋ» የቀደመውን ጥንቃቄ ሁሉ ታፈርሳለች፡፡ በአዲስ አበባ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፡፡ ሁሉም በሚተዋወቅባት የገጠር ቀበሌ ውስጥ ግን፣ ስለ ማኅበሩ ሒሳብ ለመናገር የምትችል ሴት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነች፣ «ዋ» ማለት ስሟን ከመጻፍ አይተናነስም፡፡

ጉዳቱ ደግሞ ሴቶችን ከዜና ውስጥ ማጥፋቱ ነው፡፡ «ዳይሬክተሩ ተናገሩ» ሲባል ወንድ መሆናቸውን እናውቃለን፡፡ «ዳይሬክተሯ ተናገሩ» ሲባል ሴት ናቸው፡፡ «የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ተናገሩ» ሲባል ግን አብዛኛው አንባቢ ወንድ አድርጎ ይስላቸዋል፡፡ ስለዚህ ምንጩ በይፋ የሚናገር ከሆነ «ኃላፊዋ»፣ «ሊቀመንበሯ»፣ «ሐኪሟ» እያሉ መጻፍ ትክክለኛና ለአማርኛም ተፈጥሯዊ ነው፡፡ አክብሮቱ በግሱ ላይ ይቆያል፣ ጾታውም በስሙ ላይ ይታያል፡፡ እንግሊዝኛ ይህን በአንድ ቃል ለማድረግ አይችልም፡፡

«ገበሬው» ማን ነው?

ከሁሉም ይበልጥ ሳይስተዋል የሚያልፈው ግን «ገበሬው» ነው፡፡ በጋዜጦቻችን የኢኮኖሚ ገጽ ላይ «ገበሬው ቡናውን በርካሽ ሸጠ»፣ «አርሶ አደሩ ተጠቃሚ ሆኗል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የተለመዱ ናቸው፡፡ ላኪው በስሙና በማዕረጉ ተጠቅሶ «ገለጹ» ይባላል፤ የቢሮ ኃላፊው «አብራሩ» ይባላል፡፡ ገበሬው ግን «ሸጠ»፣ «ለቀመ»፣ «ተጠቀመ» እየተባለ ይቀጥላል፡፡ ስም የለውም፣ ብዛት የለውም፣ ሴትም አይደለም፡፡

ኮንጋን ለሚያውቅ ሰው ይህ አገላለጽ ጎደሎ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዲላ ሲደርሱና ከዚያም ወደ ደቡብ ወደ ይርጋጨፌ ሲያመሩ የሚያገኙት ገጠር፣ ቡና ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር በአንድ ጓሮ የሚበቅልበት ነው፡፡ ይህ አሠራር የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግቦታል፡፡ በዚህ ጓሮ እንሰት የሚፍቁት፣ እሸት ቡና የሚለቅሙት፣ በማጠቢያ ጣቢያዎች አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙትና የሚያገላብጡት በብዛት ሴቶች ናቸው፡፡ «ገበሬው ቡናውን አቀረበ» የሚለው ዜና እነዚህን ሁሉ በአንዲት «ው» ውስጥ ይጠቀልላቸዋል፡፡ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 7 አለው፤ ጋዜጣ ግን የለውም፡፡ አንባቢ የሚያነበው የተጻፈውን ነው፡፡

የኮንጋ ስም ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የቡና ማሸጊያዎች ላይ ይነበባል፡፡ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአካባቢው ማኅበራት ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ገበያ የሚወጣበት በር ተከፍቷል፡፡ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ሲያመለክትና ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ሲቋጭ፣ በአገር ውስጥ ዘገባዎች ደጋግሞ የሚሰማው «ቡናችን» የሚለው ቃል ነበር፡፡ ስሜቱ ይገባናል፡፡ ሆኖም «ቡናችን» የሚለው ጋዜጣው ነው፣ መንግሥት ነው ወይስ ቡናውን ያለማችው ቤተሰብ? ዜናው ስለ ዋጋ ከሆነ ይህ ጥያቄ የሰዋስው ብቻ አይደለም፡፡ ገንዘቡ የማን ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው፡፡

ትናንት «እሳቸው»፣ ዛሬ «እሱ»

የአክብሮት አጠቃቀማችን ያልተጻፈ ሕግ አለው፡፡ ባለሥልጣን፣ ምሁር፣ ሽማግሌና የሃይማኖት አባት «እሳቸው» ናቸው፡፡ አትሌት፣ ድምፃዊና ኳስ ተጫዋች «እሱ» ወይም «እሷ» ይባላሉ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የመቀራረብ እንጂ የንቀት ምልክት አይደለም፡፡ ችግር የሚሆነው አንድ ሰው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በአንድ ሌሊት ሲዛወር ነው፡፡

አንድ ኃላፊ ሰኞ መግለጫ ሲሰጡ «አስታወቁ» ይባላሉ፡፡ ሐሙስ በፖሊስ ሲያዙ «ተጠርጣሪው ተያዘ» ይባላሉ፡፡ ፍርድ ቤት ገና ምንም አላለም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ይሰጠዋል፡፡ ጋዜጣው ግን አክብሮቱን በመንጠቅ ብቻ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፡፡ በእንግሊዝኛ ዜና ይህ ዓይነቱ ፍርድ በተውላጠ ስም አይገለጽም፡፡ ባለሥልጣኑም ተከሳሹም «ሂ» ናቸው፡፡ በእኛ ቋንቋ ግን አዘጋጁ ሊወስነው የሚገባ ጉዳይ ነው፡፡ ቢያንስ አንድ ሰው በተዋወቀበት የአክብሮት ደረጃ እስከ ዘገባው ፍጻሜ መዝለቅ አለበት፡፡

ቋንቋ ሲቀየርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በጌዴኡፋ የተናገሩ አዛውንት በአስተርጓሚ በኩል ወደ አማርኛ ሲመጡ «እሳቸው» ወይም «እሱ» የሚያደርጋቸው አስተርጓሚው ወይም ጋዜጠኛው ነው፡፡ ከሚኒስትር ጋር በአንድ ገጽ ላይ የሚወጡ የ70 ዓመት የቡና ገበሬ የሚኒስትሩን ያህል ግስ ይገባቸዋል፡፡

«እኛ» እና «እነሱ» በግጭት ጊዜ

የተውላጠ ስም ዋጋ በይበልጥ የሚታወቀው ግጭት ሲነሳ ነው፡፡ በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተቀሰቀሰው ግጭት ከ800 ሺሕ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ «ቤቶችን አቃጠሉ»፣ «መጥተው ወረሩን» የሚሉ ቃላት ከተፈናቃዮች አፍ ይወጣሉ፡፡ ለተናጋሪው «እነሱ» ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፡፡ አንባቢው ግን ባለቤት የሌለውን «አቃጠሉ» በጎረቤት ሕዝብ ሁሉ ላይ ይለጥፈዋል፡፡ ጥቂት ሰዎች የፈጸሙት ድርጊት በግሱ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ድምፅ የአንድ ብሔር ሥራ ይሆናል፡፡

አማርኛ የሌላውን ንግግር እንዳለ ማስገባት ይወዳል፡፡ «እንመለሳለን አሉ» እንላለን፡፡ የጥቅስ ምልክት ከጎደለ የተናጋሪው «እኛ» የጋዜጣው «እኛ» ይመስላል፡፡ ስለዚህ በግጭት ዘገባ ውስጥ የመጀመሪያ መደብ ሁሉ በጥቅስ ምልክት መታጠር፣ «እነሱ» የሚለውም በታወቀው ልክ መተርጎም አለበት፡- «የታጠቁ ሰዎች»፣ «ማንነታቸውን ያልለዩዋቸው ወጣቶች» ወዘተ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ወቅት ቢቢሲ «የእኛ ወታደሮች» ማለትን ትቶ «የብሪታንያ ወታደሮች» በማለቱ ከገዥው ፓርቲ ፖለቲከኞች ብርቱ ወቀሳ ደርሶበት ነበር፡፡ ጣቢያው ግን ሁለቱንም ወገኖች በስማቸው መጥራቱን ቀጠለ፡፡ «አገራችን» የሚለው ቃል በርዕሰ አንቀጽና በአስተያየት ገጽ ላይ ቦታው ነው፡፡ በዜና ገጽ ላይ ግን «ኢትዮጵያ» ቢባል ፍቅር አይቀንስም፤ ግልጽነት ግን ይጨምራል፡፡

ለአዘጋጁ ጠረጴዛ

ከላይ የተባለውን ባጭሩ ስናጠቃልለው፡-

1. በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተከበረ አንድ ሰውና ብዙ ሰዎች ከተገናኙ፣ ስሙን ይድገሙ፡፡

2. የእንግሊዝኛውን «ዘይ» ከመተርጎምዎ በፊት አንድ ሰው፣ ብዙ ሰዎች፣ ድርጅት ወይስ ወሬ መሆኑን ይለዩ፡፡

3. ምንጭዎን የሚደብቁ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይደብቁ፤ «ዋ» እና «ው» እንዳያመልጡዎት፡፡

4. ምንጭዎ በይፋ የሚናገሩ ሴት ከሆኑ «ኃላፊዋ» ይበሉ፡፡

5. አክብሮትን በሥልጣን አይስጡ፣ በክስም አይንጠቁ፡፡

6. ባለቤት የሌለውን «አሉ»፣ «አቃጠሉ» እና «ተብሏል» ሲያዩ «ማን?» ብለው ይጠይቁ፡፡

የመጨረሻው ጥያቄ ሁሉንም ያጠቃልላል፡፡ ኮንጋ ያለች እናት ጋዜጣ አንብቦ የሚነግራት ልጇን «ገንዘቡ ይከፈላቸዋል ነው የሚለው? ለማን?» ብላ ብትጠይቀው፣ ልጁ ከተጻፈው ብቻ ተነስቶ ሊመልስላት መቻል አለበት፡፡ ካልቻለ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፡፡